በፖሊስ ወይም በማረሚያ ቤት የቀረ የግል ንብረት እንዴት ይመለሳል?

በሰሜን ሸዋ አንድ ሰው በወንጀል ተጠርጥሮ ሲያዝ ከእጁ የሚወጣው ንብረት አብዛኛውን ጊዜ ብዙ አይደለም፤ አንድ የእጅ ስልክ፣ መታወቂያ፣ በኪሱ የነበረ ገንዘብ፣ ቀበቶ፣ አልፎ አልፎም የአንገት ሐብል፣ ሞተር ሳይክል ወይም ፈቃድ ያለው ጠመንጃ ነው። ሆኖም ለአንድ የመንዝ ወይም የመርሐቤቴ ቤተሰብ ያ ስልክ የቴሌብር ገንዘቡ የሚገኝበት፣ ያ ሞተር ሳይክል የዕለት ጉርሱ የሚመጣበት ሊሆን ይችላል። ታሳሪውም ሆነ ቤተሰቡ በዋናው የወንጀል ክስ ስለሚጨነቁ ስለ ንብረቱ የሚጠይቁት ዘግይተው፣ በቃል ብቻና ብዙ ጊዜም ለማይመለከተው ክፍል ነው። ንብረቱ የሚጠፋውም በአብዛኛው ሕግ ስለሌለ አይደለም፤ ማን፣ በምን ሥልጣን፣ በየትኛው ወረቀት እንደያዘው በወቅቱ ስላልተጣራ ነው።

መነሻው ግልጽ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 የግል ንብረት ባለቤትነትን ያረጋግጣል፤ በአንቀጽ 26 ደግሞ ማንኛውም ሰው መኖሪያ ቤቱ፣ ሰውነቱና ንብረቱ ከመመርመር፣ በእጁ ያለ ንብረትም ከመያዝ የመጠበቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ይህ መብት በሕግ በተወሰነ ሁኔታ ሊገደብ ይችላል፤ ሰው ስለታሰረ ወይም ጥፋተኛ ስለተባለ ብቻ ግን የንብረቱ ባለቤት መሆኑ አይቀርም። እስራት የሚገድበው የመንቀሳቀስ ነጻነትን ነው። ንብረትን ከባለቤቱ ለይቶ ለመንግሥት ማድረግ ራሱን የቻለ የሕግ መሠረትና የፍርድ ቤት ውሳኔ የሚጠይቅ ሌላ እርምጃ ነው። እነዚህ ሁለት ነገሮች በታሳሪዎችም፣ በአንዳንድ የጥበቃ ሠራተኞችም ዘንድ እንደ አንድ ሲታዩ ማየት የተለመደ ስለሆነ ልዩነቱን አጥብቆ መያዝ ያስፈልጋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ዕቃዬ የት ነው?» የሚል ብቻ ሳይሆን «ዕቃዬ የተያዘው በምንነት ነው?» የሚል ነው። አንድ ስልክ በኤግዚቢትነት ተይዞ ሊሆን ይችላል፤ ማለትም ለወንጀሉ ማስረጃ ይሆናል ተብሎ። ወይም ታሳሪው ወደ ማረፊያ ቤት ይዞት መግባት ስለማይፈቀድለት በአደራ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ወይም በማረሚያ ቤት ፍተሻ ወቅት የተከለከለ ዕቃ ነው ተብሎ ተወስዶ ሊሆን ይችላል። ወይም ደግሞ ፍርድ ቤት በፍርዱ ለመንግሥት እንዲወረስ አዞ ሊሆን ይችላል። አራቱም ለባለቤቱ ያው ከእጅ መውጣት ናቸው፤ በሕግ ዓይን ግን እያንዳንዱ የሚጠየቅበት ቦታና መንገድ የተለያየ ነው።

በኤግዚቢትነት ከተያዘው እንጀምር፤ ብዙው ውጣ ውረድ ያለው እዚህ ላይ ነውና። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 32 እና 33 ብርበራ እንዴት እንደሚካሄድ ይደነግጋል። በመርሕ ደረጃ ቤትን ለመበርበር የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያስፈልጋል፤ ያለ ትእዛዝ መበርበር የሚቻልባቸው ሁኔታዎች በሕጉ ተለይተው ተቀምጠዋል። ትእዛዙ የሚፈለገውን ዕቃ መግለጽ አለበት፤ መርማሪው ፖሊስም በትእዛዙ ከተገለጸው ውጭ ሌላ ዕቃ መያዝ አይችልም። ከሁሉም በላይ ለባለንብረቱ የሚጠቅመው የሚከተለው ግዴታ ነው፦ መርማሪው የያዛቸውን ዕቃዎች ዝርዝር ማዘጋጀት፣ በተቻለ መጠንም ገለልተኛ የሆነ ሰው ዝርዝሩን አይቶ እንዲፈርምበት ማድረግ አለበት። የተያዙት ዕቃዎችም በጥንቃቄ ተጠብቀው ፍርድ ቤት ሲጠይቅ መቅረብ አለባቸው።

ይህ ዝርዝር በተግባር ምን ዓይነት እንደሆነ በቅርብ መመልከት ተገቢ ነው። አንዱ ዝርዝር «አንድ ሞባይል» ይላል፤ ሌላው «አንድ ጥቁር ቴክኖ ስልክ፣ የመስታወቱ ቀኝ ጥግ የተሰነጠቀ፣ ሁለት ሲም ካርድ ያለው» ብሎ መለያ ቁጥሩን ይጽፋል። በሁለት ዓመት ውስጥ መርማሪው ወደ ሌላ ወረዳ ቢዛወርና የኤግዚቢት ክፍሉ ኃላፊ ቢቀየር፣ የመጀመሪያው ዝርዝር የትኛውንም ስልክ አውጥቶ «ይኸው ስልክህ» ለማለት ያስችላል፤ ሁለተኛው ግን አያስችልም። የስልክን መለያ ቁጥር ለማወቅ ኮከብ፣ መሰላል፣ 06፣ መሰላል መደወል ይበቃል፤ ቁጥሩ ስልኩ በተገዛበት ካርቶን ላይም ተጽፎ ይገኛል። ካርቶኑን ወይም የግዢ ደረሰኙን ቤት ውስጥ ፈልጎ ማስቀመጥ የቤተሰብ ሥራ ነው። ገንዘብ ከሆነ የብሩ መጠን በአኃዝም በፊደልም መጻፍ አለበት፤ ሐብል ከሆነ ወርቅ ወይም ብር መሆኑ፣ ከታወቀም ክብደቱ ይገለጽ። ታሳሪው ከመፈረሙ በፊት ዝርዝሩን የማንበብ፣ ማንበብ የማይችል ከሆነም እንዲነበብለት የመጠየቅ መብት አለው፤ የጎደለ ነገር ካለ ከፊርማው በላይ «ይህ ዕቃም ተይዞብኛል፣ አልተመዘገበም» ብሎ ማስጻፍ ይችላል። በዚያ ሰዓት ማንም ተረጋግቶ እንደማያስብ የታወቀ ነው፤ ሆኖም ከዚያ በኋላ የሚመጣው ክርክር ሁሉ የሚቆመው በዚያች ወረቀት ላይ ነው።

በኤግዚቢትነት የተያዘ ንብረት ምርመራው በሚካሄድበት ጊዜ በፖሊስ እጅ ይቆያል። ዐቃቤ ሕግ ክስ አልመሠርትም ብሎ መዝገቡን ከዘጋ ወይም ዕቃው ለማስረጃነት እንደማያስፈልግ ከታወቀ ጥያቄው በጽሑፍ መዝገቡን ለያዘው ዐቃቤ ሕግና ለፖሊስ መቅረብ አለበት። ክሱ ፍርድ ቤት ከደረሰ ግን በዕቃው ላይ የሚያዘው ፍርድ ቤቱ ነው። ብዙ ጊዜ በፍርዱ መጨረሻ ላይ «በኤግዚቢትነት የተያዘው እንዲህ ያለ ዕቃ ለባለቤቱ ይመለስ» ወይም «ለመንግሥት ገቢ ይሁን» የሚል ትእዛዝ ይሰጣል። ጠበቃ ያለውም የሌለውም ተከሳሽ ፍርዱ ሲነበብ ለዚህች አንድ መስመር ጆሮውን መስጠት አለበት፤ ፍርዱ ስለ ዕቃው ምንም ሳይል ካለፈ በዚያው መዝገብ ላይ፣ የመዝገቡን ቁጥር ጠቅሶ፣ ትእዛዝ እንዲሰጥ ማመልከት ይቻላል። አዲስ ክስ ከመክፈት በፊት የሚሞከረው ቀላሉና ርካሹ መንገድ ይህ ነው። በነጻ የተሰናበተ ሰው «ነጻ ከወጣሁ ዕቃዬም አብሮኝ ይወጣል» ብሎ ያስባል፤ የኤግዚቢት ክፍሉ ግን ዕቃ የሚያወጣው በተጻፈ ትእዛዝ ነው።

ጠመንጃ ለብቻው መታየት አለበት። በመንዝና በአካባቢው ጠመንጃ ከአባት የሚወረስ ንብረት ስለሆነ በእርሱ ላይ ያለው ጥያቄ ጠንካራ ነው። ነገር ግን የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃድን ስለሚጠይቅ ባለቤትነትን ማስረዳት ብቻውን አይበቃም፤ የጸና ፈቃድ ማቅረብ ያስፈልጋል። በተጨማሪም የወንጀል ሕጉ ወንጀል የተሠራበት ወይም ለሕዝብ ጸጥታ አደገኛ የሆነ ዕቃ እንዳይመለስ ፍርድ ቤት ሊያዝ እንደሚችል ይደነግጋል። ስለዚህ በጠብ ተከስሶ በነጻ የተሰናበተ ገበሬ ጠመንጃውን ሲጠይቅ የፍርዱን ግልባጭ ከፈቃዱ ጋር አያይዞ ማቅረብ አለበት።

ወደ አደራው እንሂድ። ታራሚ ወደ ማረሚያ ቤት ሲገባ ይዞት መቆየት የማይፈቀድለት ዕቃ ተመዝግቦ መቀመጥ እንዳለበት ዓለም አቀፉ መለኪያ ግልጽ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 2015 የተቀበላቸው፣ በኔልሰን ማንዴላ ስም የሚጠሩት ደንቦች በቁጥር 67 እንደሚሉት የታራሚው ገንዘብ፣ ጌጣጌጥ፣ ልብስና ሌላም ዕቃ በአስተማማኝ ቦታ ይቀመጣል፤ ዝርዝሩ ላይ ታራሚው ይፈርማል፤ ዕቃው እንዳይበላሽ ጥንቃቄ ይደረጋል፤ ሲፈታም ራሱ ካወጣው ገንዘብ፣ ወደ ውጭ ከላከው ዕቃ ወይም ለጤና ሲባል ከተወገደ ልብስ በቀር ሁሉም ይመለስለታል፤ ሲረከብም ይፈርማል። ከውጭ የተላከለት ገንዘብና ዕቃም በዚሁ አኳኋን ይያዛል። ደንቦቹ እንደ አገር ውስጥ አዋጅ በቀጥታ የሚያስገድዱ ባይሆኑም አቤቱታ የሚጽፍ ሰው ቢጠቅሳቸው የሚጠይቀው ችሮታ ሳይሆን በዓለም የታወቀ አሠራር መሆኑን ያሳያል። በቁጥር 53 የተቀመጠውም መረሳት የለበትም፦ ታራሚው የራሱን የፍርድ ሰነዶች በእጁ መያዝ ወይም ማግኘት መቻል አለበት። በፍተሻ ወቅት የክስ ማመልከቻውና የፍርድ ግልባጩ የተወሰደበት ሰው ስልኩ ከተወሰደበት ሰው ይልቅ ይጎዳል፤ የይግባኝ ጊዜው እየሄደ ነውና።

በሰሜን ሸዋ የአደራ ዕቃ ከሁሉ በላይ የሚጠፋው በዝውውር ነው። ሰው በመሐል ሜዳ፣ በሞላሌ ወይም በዓለም ከተማ ይያዝና ጉዳዩ ከፍ ሲል ወደ ደብረ ብርሃን ይወሰዳል፤ ሰውየው ይሄዳል፣ ዕቃው በወረዳው ፖሊስ ጣቢያ ይቀራል። ከወራት በኋላ ቤተሰቡ ደብረ ብርሃን ሄዶ ሲጠይቅ «እኛ አልተረከብንም» ይባላል፤ ይህ መልስ ደግሞ እውነት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በዝውውሩ ቀን ዕቃው አብሮ መረከቡን መጠየቅ፣ ካልተረከበም በማግሥቱ ቤተሰብ ወደ ወረዳው ጣቢያ እንዲሄድ ማድረግ ተገቢ ነው። በደብረ ብርሃን ብርድ ለታራሚ ከቤት የመጣ የመንዝ ባና ወይም ጋቢ እንደ ቀላል ነገር አይታይም፤ እርሱም ሲገባ መመዝገብ አለበት።

በማረሚያ ቤት ፍተሻ የሚወሰድ የተከለከለ ዕቃ ጉዳይ አጠር ያለ ነው። ማረሚያ ቤቱ ለጸጥታ ሲባል ስልክ ወይም ስለታም ነገር ወደ ውስጥ እንዳይገባ የመከልከል ሥልጣን አለው፤ የመከልከል ሥልጣን ግን የመውረስ ሥልጣን አይደለም። ዕቃው ራሱ ሕገ ወጥ ካልሆነ ተመዝግቦ ለቤተሰብ እንዲሰጥ ወይም እስኪፈታ እንዲቀመጥ መጠየቅ ይገባል።

ፍርድ ቤት ያዘዘው ውርስ ደግሞ ከሁሉም የከበደ ነው፤ ምክንያቱም ይህ የሚጠየቀው በዕቃ ቤት መስኮት ሳይሆን በይግባኝ ነው። በወንጀል ጉዳይ የይግባኝ ማስታወቂያ ከፍርዱ ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ፣ የይግባኙ ማመልከቻ ደግሞ የፍርዱ ግልባጭ ከደረሰ ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ እንዲቀርብ የሥነ ሥርዓት ሕጉ በቁጥር 187 ይደነግጋል። ስለ እስራቱ ዘመን ይግባኝ የሚል ሰው ስለ ንብረቱ መወረስም በዚያው ማመልከቻ ካላነሣ አጋጣሚው ያልፈዋል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 98 ውርስ ገደብ እንዳለው ያመለክታል፤ ለቤተሰቡ የዕለት ተዕለት ኑሮ የሚያገለግሉ የቤት ዕቃዎች፣ መተዳደሪያ የሆኑ የሥራና የእርሻ መሣሪያዎች፣ ለቤተሰቡ የሚያስፈልግ ቀለብ በውርስ አይነኩም። በሬ ከነቀንበሩ የተወረሰበት ገበሬ ወይም ከባሏ ጋር ያፈራችው ንብረት የባሏ ብቻ ተደርጎ የተወሰደባት ሚስት ይህን ገደብ ጠቅሰው መከራከር ይችላሉ። ሚስት ራሷ ተከሳሽ ባትሆንም ድርሻዋን በራሷ ስም የመጠየቅ መብት አላት።

እነዚህ ሁሉ ተሞክረው ዕቃው ባይመለስ ወይም ጠፍቶ ቢገኝ የሚቀረው የፍትሐ ብሔር ክስ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 37 በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት የማቅረብ መብት ለማንኛውም ሰው ሰጥቷል፤ ታራሚም ከዚህ አልተለየም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሁለት መንገድ ይከፍታል። ዕቃው አሁንም በሌላ ሰው እጅ ካለ ባለቤቱ ያለ አግባብ ከያዘው ከማንኛውም ሰው ላይ ንብረቱን መጠየቅ እንደሚችል ቁጥር 1206 ይደነግጋል። ዕቃው ከጠፋ፣ ከተበላሸ ወይም ከተሸጠ ደግሞ የሚጠየቀው ካሳ ነው። እዚህ ላይ ቁጥር 2126 እና 2127 አስፈላጊ ናቸው፦ የመንግሥት ሠራተኛው ጥፋት በሥልጣኑ ክልል ውስጥና ለመንግሥት ጥቅም እንደሚሠራ በቅን ልቦና አምኖ የፈጸመው ከሆነ የሥራ ጥፋት ይባላል፤ ተጎጂውም መንግሥትን ሊጠይቅ ይችላል። ለራሱ ጥቅም ከወሰደው ግን ጥፋቱ የግሉ ነው፤ የሚጠየቀውም ራሱ ነው፤ በወንጀልም ሊያስከስሰው ይችላል። ከሳሹ ከውጭ ሆኖ የትኛው እንደሆነ ማወቅ ስለሚቸግረው ሠራተኛውንና መሥሪያ ቤቱን አንድ ላይ መክሰስ ከሁሉ የተሻለ ጥንቃቄ ይመስለኛል፤ አለበለዚያ አንዱ በሌላው ላይ ሲያመካኝ ጊዜ ይነጉዳል።

ጊዜው ደግሞ አጭር ነው። በቁጥር 2143 መሠረት የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ድርጊቱ ከዚህ የረዘመ ይርጋ፣ ማለትም የክስ ማቅረቢያ የጊዜ ገደብ፣ ያለው ወንጀል ከሆነ ረጅሙ ጊዜ ይሠራል። በሌላ ሰው እጅ ያለን ንብረት የማስመለስ ጥያቄ በዚህ የሁለት ዓመት ገደብ አይታሰርም። አምስት ዓመት የተፈረደበት ሰው «ስፈታ እጠይቃለሁ» ካለ የካሳ ጥያቄው እስር ቤት ውስጥ እያለ በይርጋ ሊታገድበት ይችላል፤ ታስሬ ነበር ማለት ብቻውን ይርጋውን ያቆመዋል ብሎ መተማመን አደገኛ ነው። ከማረሚያ ቤት ሆኖ መክሰስ ይቻላል፤ ለቅርብ ቤተሰብ ወይም ለጠበቃ ውክልና መስጠትም ይቻላል።

ማንን፣ በየትኛው ፍርድ ቤት የሚለው በሰሜን ሸዋ የራሱ መልክ አለው። የደብረ ብርሃን ማረሚያ ቤት በአማራ ክልል ማረሚያ ቤቶች ኮሚሽን ሥር ሲሆን የሸዋ ሮቢት ማረሚያ ቤት ግን በዚሁ ዞን ውስጥ ቢገኝም የፌዴራል ነው፤ የሚተዳደረውም በፌዴራል ማረሚያ ቤት አዋጅ ቁጥር 1174/2012 ነው። በሸዋ ሮቢት የጠፋን ዕቃ ከክልሉ ኮሚሽን የሚጠይቅ ሰው ተከሳሹን ተሳስቷል። የፌዴራል መሥሪያ ቤት የሚከሰስበት ጉዳይ የፌዴራል ፍርድ ቤት ሥልጣን ነው፤ ሆኖም ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 80 የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን፣ የክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ደርበው እንዲሠሩ ስለሚያደርግ፣ ማመልከቻው ላይ ጉዳዩ በፌዴራል ሥልጣን እንደሚታይ በግልጽ መጻፍና ከሬጅስትራር ጋር አስቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል።

እንዲህ ያለ ክርክር በሌላም አገር ቀላል ሆኖ አያውቅም። በአሜሪካ አንድ ታራሚ ከአንድ የፌዴራል እስር ቤት ወደ ሌላው ሲዛወር በሁለት ከረጢት ከተላከው ንብረቱ ቁርዓንና የስግደት ምንጣፍ ጭምር ጠፍቶበት ከሰሰ፤ የጠፋው ሁሉ የተገመተው 177 ዶላር ነበር። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደርሶ እ.ኤ.አ. በ2008 በ5 ለ4 ድምፅ ተፈረደበት፤ ምክንያቱም መንግሥትን ለመክሰስ የሚፈቅደው ሕግ በሕግ አስከባሪዎች እጅ ያለን ዕቃ ለይቶ አስቀርቶት ነበር። የእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ በዚህ ረገድ ለተጎጂው የሚሻል በር ከፍቶ ሳለ በሩን የሚያንኳኳ ሰው ማነሱ ያሳዝናል።

የማንኳኳቱ ወጪም ብዙዎችን ያስቀራል። የዳኝነት ክፍያ መክፈል የማይችል ሰው በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከቁጥር 467 ጀምሮ በተደነገገው መሠረት በድሃ ደንብ እንዲከስ ሊፈቀድለት ይችላል፤ አቅም የሌለው መሆኑን ግን ማስረዳት አለበት። ከክሱ በፊት ወይም ጎን ለጎን ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ወይም ለእንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ማለትም ይቻላል፤ እነዚህ ተቋማት ግን እንደ ፍርድ ቤት ፈርደው ካሳ አያስከፍሉም፤ ወደ እነርሱ መሄድም ይርጋውን ያቆማል ብሎ ማሰብ አይገባም።

የትኛውም መንገድ ቢመረጥ ማመልከቻው በሁለት ቅጂ ይጻፍ፤ አንዱ ለመዝገብ ቤት ይሰጥ፣ በሌላው ላይ የገቢ ማኅተም፣ ቁጥርና ቀን ይመታበት። ማመልከቻው ውስጥ ዕቃው በመለያው፣ የተያዘበት ቀንና ቦታ፣ የተረከበው ሠራተኛ የሥራ ድርሻ፣ ዝርዝሩ ላይ የፈረሙ ወይም በቦታው የነበሩ ምስክሮች ይገለጹ። ትእዛዙ ወጥቶ ዕቃው ሲመለስም ባለቤቱ ከመፈረሙ በፊት ስልኩን ከፍቶ ቁጥሩን ያመሳክር፣ ገንዘቡን ይቁጠር፤ የጎደለ ካለ የመረከቢያ ወረቀቱ ላይ ስሙን ጠቅሶ «ይህ አልተመለሰልኝም» ብሎ ጽፎ ይፈርም። «ሙሉ በሙሉ ተረክቤአለሁ» ከሚል ቃል በታች የፈረመ ሰው በኋላ በዚያው ፍርድ ቤት ጎደለብኝ ሲል በመጀመሪያ የሚቀርብበት ማስረጃ የራሱ ፊርማ ነው።